አዋጁ አሠሪውን አነጋገረ፣ ቤተሰቡን ዘለለ

በ2000 ዓ.ም. የወጣው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568 በወረቀት ላይ ሲነበብ ደፋር ሕግ ነው። በቅጥር አድልዎ ተፈጸመብኝ የሚል አካል ጉዳተኛ ሲከስ፣ የማስረዳት ሸክሙን ከከሳሹ አንስቶ ተከሳሹ ላይ ጥሏል። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ያውቃል። የአእምሮ ጉዳትንም በትርጓሜው አካቷል።

ታዲያ ዳውን ሲንድረም ወይም ኦቲዝም ያለበት የሃያ ዓመት ወጣት ከዚህ ሕግ ምን አተረፈ? እምብዛም። ሕጉ በዓይነ ሕሊናው የሣለው ተወዳዳሪን ነው፤ ቅድሚያ የሰጠውም ከሌሎች ጋር እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላመጣ ነው። ማየት የተሳነው የሕግ ምሩቅ በዚህ ሊጠቀም ይችላል። ዕቃ በመደርደር ወይም በማሸግ ጎበዝ የሆነ፣ የፈተና ወረቀት ሲያይ ግን የሚደናገጥ ልጅ ከመነሻው ውጪ ነው። ለእሱ የሚበጀው እዚያው ሥራ ላይ መሞከር ነበር።

ይህን ማን ያመቻችለት? እናቱ (አባቶች አትቀየሙ)። ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። ትምህርት ቤቱን እናት ከከፈተች፣ ሥራውንም እናት ትፈልግ የተባለ ይመስላል።

ቤተሰብ ሳያውቀው የሚገባበት ወጥመድም አለ። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው፣ ውርሱን እንጠብቅለት ብለው በፍርድ ቤት የሚያስከለክሉ አሉ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፍርድ የተከለከለ ሰው የሚታየው አካለ መጠን እንዳላደረሰ ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ በሥራ ውል ላይ የሚያኖረው ፊርማ ጥያቄ ይነሣበታል፤ ሰበብ ለሚፈልግ አሠሪም ሰበብ ተገኘ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 12፣ እንዲህ ያለው ሰው በሕግ ችሎታው እንዲጠቀም ድጋፍ ይሰጠው ነው የሚለው። ስለዚህ ወላጆች ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት፣ የፈሩት ነገር በእርግጥ ክልከላ የሚያስፈልገው መሆኑን ጠበቃ ቢጠይቁ ይሻላል።

አዋጁ አሠሪው ለሠራተኛው ረዳት እንዲመድብም ያዝዛል። መልካም። ነገር ግን ልጁ በምን እንደሚደነግጥ፣ በምን እንደሚረጋጋ የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኅቱ አብራው ብትውል፣ የታክሲዋንና የቀረባትን የቀን ገቢ ማን ይክፈል? አዋጁ ለጣሰው አሠሪ ያስቀመጠው ቅጣት ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ነው፤ ለትልቅ ድርጅት የአንድ ምሳ ግብዣ ሒሳብ። እኔ ብጠየቅ ከቅጣቱ ይልቅ በዚህኛው ወጪ እጀምር ነበር፦ አሠሪው ለቤተሰቡ ረዳት የከፈለውን ከሚታሰብበት ግብር ላይ ይቀንሱለት።