መስመር ሲቋረጥ የማይቆም ቤተ ሙከራ፦ ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ምርምር የሚስማማ የክላውድ አያያዝ

በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ሰሊጥና ማሽላ ለማረምና ለማጨድ በየዓመቱ ከደጋ የሚወርደው የወቅት ሠራተኛ ለካላአዛርና ለወባ ተመራማሪዎች ዋነኛ የጥናት ትኩረት ነው። ሠራተኛው አንዳንድ ጊዜ በሽታውን ይዞ ወደ ደጋ ስለሚመለስ የሕክምና መረጃውም በየቦታው ይበተናል። በገንዳ ውኃ የተመዘገበ ታካሚ፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሊሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል የታየ ናሙና እና በድኅረ ምረቃ ተማሪ ኮምፒውተር ላይ ያለ ትንተና የሚገናኙበት ሥርዓት ያስፈልጋል። ለዚህም ቨርችዋል ማሽንና ክላውድ ሁነኛ መሣሪያዎች ናቸው። ጥያቄው የትኛው ሥራ የት ይቀመጥ የሚለው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ሁሉንም ወደ ክላውድ ውሰዱ» የሚል ነው። ይህ ምክር የማይቋረጥ መስመርን፣ የማይናወጥ የምንዛሪ ዋጋን እና ከአገር ቢወጣ የማያሳስብ መረጃን ታሳቢ ያደርጋል። ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ሦስቱም አስተማማኝ አይደሉም። በመሆኑም ዋናው ሥራ በዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ላይ ሆኖ ክላውዱ ተጨማሪ ጉልበት ቢሆን ይመረጣል።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ይታወቃል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም በኋላ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዶላር የሚከፈል የክላውድ ኪራይ በብር የተመደበን የምርምር በጀት በአጭር ጊዜ በግማሽ ሊያሳንሰው ይችላል። ሦስተኛው ጉዳይ የታካሚው ምስጢር ነው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ካላአዛርና ኤች.አይ.ቪ በአንድ ታካሚ ላይ አብረው መገኘታቸው የታወቀ ችግር በመሆኑ፣ መዝገቡ በሰው ሕይወት ላይ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል መረጃ ይዟል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር መድቦታል። ስምና አድራሻ የያዘው ፋይል በአገር ውስጥ ቀርቶ፣ ወደ ክላውድ የሚሄደው መለያው የተነሣለት ቅጂ ብቻ መሆን አለበት።

ከዚህ የሚከተሉት የአሠራር ነጥቦች በቀላሉ ሊተገበሩ ይችላሉ። በመጀመሪያ፣ ሊጓጓዝ የሚገባው የቨርችዋል ማሽኑ ምስል ሳይሆን አሠራሩን የሚገልጸው ጽሑፍ ነው። 20 ጊጋባይት የሆነ ምስል በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለመላክ 22 ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ መስመሩ ካልተቋረጠ ማለት ነው። በአንሲብል ወይም በቬግራንት የተጻፈ መግለጫ ግን ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ነው። የሶፍትዌር ጥቅሎቹ ቅጂ አስቀድሞ በአካባቢው ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ ማሽኑን ያለ ኢንተርኔት እንደገና ማቆም ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ስናፕሾት ምትኬ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ከማሽኑ ጋር በአንድ ዲስክ ላይ ስለሆነ ዲስኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል፤ ለወራት ሳይሰረዝ ከቆየም ቦታ እያጣበበ ማሽኑን ያዘገያል። ከዝማኔ በፊት ተወስዶ ሥራው ሲረጋገጥ መሰረዝ አለበት። እውነተኛ ምትኬ በሌላ ዲስክና በሌላ ሕንፃ የተቀመጠ፣ ተመልሶ መሥራቱም የተፈተነ ነው።

ሦስተኛ፣ የመብራት መቆራረጥ እንደ ዘወትር ሁኔታ ይታሰብ። የዩ.ፒ.ኤስ ባትሪ ሥራን ለማስቀጠል ሳይሆን ማሽኖቹን በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ ይሰጣል። ባትሪው ሲቀንስ ሰርቨሩ ዳታቤዙን አስቀድሞ እንዲዘጋ፣ ሲመለስም በትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲነሣ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሙቀቱ በሚበረታበት በመተማ ከባድ ሰርቨር ከማቆም ይልቅ ለመረጃ መሰብሰቢያ የሚበቃ አነስተኛ ኮምፒውተር አስቀምጦ፣ ከባዱን ሥራ ደጋ ላይ ባለችው ጎንደር ማድረግ ያዋጣል።

አራተኛ፣ የሶፍትዌር ምርጫ በአንድ ኩባንያ ውሳኔ ላይ መንጠልጠል የለበትም። ብሮድኮም ቪ.ኤም.ዌርን ከገዛ በኋላ ነጻውን ኢ.ኤስ.ኤክስ.አይ በየካቲት 2016 ዓ.ም አቋርጦ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም መልሶታል። የሦስት ዓመት የዶክትሬት ጥናት እንዲህ ያለውን መዋዠቅ መሸከም አይችልም። የሊኑክስ አካል በሆነው ኬ.ቪ.ኤም ላይ የተመሠረተው ፕሮክስሞክስ ያለ ፈቃድ ክፍያ ይሠራል።

አምስተኛ፣ ክላውዱ የሚከፈተው ለታወቀ ሥራና ለታወቀ ጊዜ ነው። ማሽኑ ቢጠፋም ዲስኩ ማስከፈሉን ይቀጥላል፤ መረጃን ከክላውድ ማውጣትም ብዙ ጊዜ ያስከፍላል። እያንዳንዱ ማሽን የባለቤቱን ስምና የመዘጊያ ቀኑን ይዞ ይመዝገብ፤ የወጪ ጣሪያ ማስጠንቀቂያም በመጀመሪያው ቀን ይቀመጥ።

በአንጻሩ ክላውድን ማራቅ ምርምሩን ያቀጭጫል የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ መሠረት አለው። የጥገኛ ተሕዋስያን የዘር ቅደም ተከተል ትንተና ለጥቂት ቀናት ብቻ ከፍተኛ ጉልበት ስለሚሻ፣ ለእሱ ሲባል ሰርቨር ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈት ማድረግ ብክነት ነው። ይሁንና ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ክላውድ መከራየት የዕለት ተዕለት መዝገብን እዚያው ከማኖር ይለያል።

የመስክ መረጃ ሰብሳቢዎች መንገዱን አስቀድመው ይዘውታል። ኦዲኬን የሚጠቀም ጤና ባለሙያ ቅጹን ያለ ኔትወርክ ሞልቶ መስመር ሲያገኝ ይልካል። ቤተ ሙከራውም በዚሁ መርሕ መደራጀት አለበት። ትምህርት ክፍሎች በየመንፈቀ ዓመቱ አንድ ቀን የኢንተርኔት ገመዱን ነቅለው የትኛው ሥራ እንደቀጠለ፣ የትኛው እንደቆመ ቢመዘግቡ ቀጣዩ በጀት የት መዋል እንዳለበት ከመዝገቡ ይረዳሉ።