በጫማ ቀን ገቢ ይቅር

ቲክቶክ ላይ የፈረስ ሰኮና ሲስተካከል የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የማየው እነሱን ነው። ፈረሱ እግሩን ሰጥቶ፣ ፀጉር ቤት እንደተቀመጠ ሰው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ይቆማል። ሰውየው ይቆርጣል፣ ይሞርዳል፣ ምስማር ይመታል። ፈረሱ ንቅንቅ አይልም። ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ግን ያደግኩበት አሰላ እና ዳማ ነው።

ዳማ አጎቴ ጋሪ ላይ የሚያሠራው ፈረስ ነበር። የራሱ አልነበረም። አጎቴ ፈረስና ጋሪ ተረክቦ ለባለንብረቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛ ያላችሁ አሠራሩን ታውቁታላችሁ፤ ከገቢው የተረፈው የአንተ ነው፣ ከጎደለ ከኪስህ ትሞላለህ።

ዳማ የዋህ ነበር። ጭነት ተሸክሞ በመኪና ጥሩንባ መሃል ሲያልፍ አይደነግጥም። የሰፈር ሕፃናት በሆዱ ሥር ሲሽሎኮሎኩ ዝም ይላቸዋል። የጫማ ቀን ግን ሌላ ፈረስ ይሆናል። ገና የመዶሻውን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ይንቀጠቀጣል፣ በጠዋት ብርድ ላብ በላብ ይሆናል።

አሥረኛ ክፍል እያለሁ አንድ ቀን አጎቴ ለእገዛ ጠራኝ። ፈረሱን ምሰሶ ላይ አስረውታል። አንዱ የላይኛውን ከንፈሩን በገመድ ጠምዝዞ ይዟል፣ ሌላው ጆሮውን፣ እኔ ደግሞ የእግሩን ገመድ። ሁለቱ የፊት እግሮች እንደምንም አለቁ። ሦስተኛው ላይ ዳማ ዘለለ፣ ገመዱ ከእጄ አመለጠ፣ ጫማ የሚመታው ሰውዬም ክንዱን ተረገጠ። አጥንቱ ተሰበረ። ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በዚያ ክንድ ነው። ሳምንታት ያለ ሥራ ተቀመጠ። ሰፈሩም ፍርዱን ሰጠ፦ “ክፉ ፈረስ ነው፤ ይሸጥ።”

እኔ ግን ዳማ ክፉ ነበር ብዬ አላምንም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። ፈረስ በተፈጥሮው አደጋ ሲያይ ሮጦ የሚድን እንስሳ ነው። እግሩን ስትይዝበት ማምለጫውን ነው የያዝክበት። የሰኮናው ውጪኛ ክፍል እንደ እኛ ጥፍር ነው፣ ሕመም አይሰማውም፤ ምስማር በቦታው ከተመታ አያምም። ትንሽ ወደ ውስጥ ካለፈ ግን ሕይወት ያለው ሥጋ ያገኛል። እንዲህ ያለ አንድ ቀን ለፈረስ በቂ ትምህርት ነው። እግሩን ከልክ በላይ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን መጎተትም ራሱን የቻለ ሕመም አለው፣ በተለይ ዕድሜው ለገፋና መገጣጠሚያው ለሚያመው።

ሌላም ነገር አለ። ፈረስ የሚማረው በአብዛኛው ከምትለቅበት ሰዓት ነው። ሲታገልህ ደክሞህ እግሩን ከለቀቅከው “መታገል ያዋጣል” ብሎ ይመዘግባል። ዝም ባለበት ሰከንድ ላይ ካስቀመጥክለት ደግሞ “ዝም ማለት ያዋጣል” ይላል። እኛ ለዳማ ለዓመታት ስናስተምረው የኖርነው የመጀመሪያውን ነው።

ዳማን የቀየረው ሌላ ባለሙያ ነው። ለአሥር ቀን ያህል ማታ ማታ እየመጣ ሲሠራ አየሁት። መጀመሪያ ቁስል እንዳለው አራቱንም እግሮች አየ። ከዚያ መሣሪያ ሳይዝ ከትከሻው ጀምሮ እጁን ቀስ እያደረገ ወደ ታች ማውረድ ብቻ። ከኋላው ድንገት አይመጣም፣ ምክንያቱም ፈረስ ቀጥታ ከኋላው ያለውን አያይም። እግሩን ዝቅ አድርጎ ያነሳል፤ ሁለት ሰከንድ፣ ያስቀምጣል፣ አንገቱን ያሻሸዋል። በሌላ ቀን አሥር ሰከንድ። ቆይቶ በድንጋይ ሰኮናውን ኳ ኳ ማድረግ። መዶሻው የመጣው በመጨረሻ ነው። ጫማው ሲመታ ገመድ የያዘ ሰው አልነበረም፤ አጎቴ ልጓሙን ይዞ ያወራለት ነበር።

ታዲያ ይህ ለምን ከመጀመሪያው አልተደረገም? ኢኮኖሚክስ ተምሬ ስመለስ የገባኝ መልስ አንድ ቃል ነው፦ ገቢ።

በጫማ ቀንም ገቢ ይገባል። ስለዚህ ጋሪ ነጂው በየደቂቃው ይከስራል፣ ይቸኩላል። ጫማ የሚመታው የሚከፈለው በፈረስ ቁጥር እንጂ በሰዓት አይደለም፤ እሱም ይቸኩላል። ፈረሱ ቢረጋጋና ዕድሜው ቢረዝም የሚጠቀመው ባለንብረቱ ነው፤ እሱ ግን በቦታው የለም። ትዕግሥት ዋጋ አለው፣ ዋጋውን የሚከፍል ግን የለም። ጨካኞች ስለሆንን ነው ብንል ይቀለን ነበር። እኔ ያየሁት ግን የቸኮሉ ሰዎችን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እዚህ ግን የሚፈሰው አንዱ ላይ፣ የሚለቅመው ሌላው ነው።

ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነው፦ በጫማ ቀን ገቢ ይቅር። የተለመደው የባለሙያ ምክር ሰኮና ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እንዲታይ ነው፤ አስፋልት ላይ የሚውል ፈረስ ጫማው ቶሎ ሊያልቅበት ይችላል። በዓመት ከ7 እስከ 9 ቀን ገደማ ማለት ነው። የቀን ገቢው 300 ብር ነው እንበል፤ 9 ቀን ቢተው 2,700 ብር ነው። ፈረሱ ሲታገል ተጎድቶ አንድ ወር ቢያነክስ ግን 9,000 ብር ይቀራል፣ የሕክምናው ሳይቆጠር። ሒሳቡ ለባለንብረቱም ያዋጣል። ለሚፈራ ፈረስ ደግሞ ለጫማ መቺው የጊዜውን ጨምሮ መክፈል የግድ ነው።

“ሰው በኑሮ ውድነት እያለቀ አንተ ስለ ፈረስ ስሜት ታወራለህ” የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ኧረ እኔም የማወራው ስለ ኑሮ ነው። የተሰበረው ክንድ የሰው ክንድ ነው፤ የአንድ ቤት እንጀራ የተንጠለጠለው በዚያ ሰኮና ላይ ነው።

ደግሞ እኛ በፈረስ የምንኮራ ሕዝብ ነን። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብለን የምንጠራው በፈረስ ስም ነው። ኮሪያ የዘመተው ቃኘው ሻለቃም ስሙን ያገኘው ከራስ መኮንን ፈረስ ነው። በአርሲ ደጋም ፈረስ ተሸልሞ ለሠርግ ሲወጣ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን እንቀርጻለን። ጋሪ የሚጎትተው ግን በዓመት 9 ቀን እንኳ አልተረፈለትም።

ዳማ የግራ የኋላ እግሩን ሲያነሱበት እስከ መጨረሻው ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፍርሃቱ ሙሉ በሙሉ አልወጣለትም። ግን ይቆማል፣ ከዚያ በኋላም ሰው አልረገጠም።

አባትህ ወይም አጎትሽ ጋሪ ካከራዩ፣ ዛሬ ማታ እራት ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፦ “በጫማ ቀንም ገቢ ትቀበላላችሁ?”