መድኃኒቱን ቀድሞ የሚቀምሰው ዕጢ

«የእሷን እናት የረዳ መድኃኒት የእኔን እናት ለምን አልረዳም?» ይህን ጥያቄ ለቅሶ ቤትም፣ ቡና ላይም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የበሽታው ስም አንድ ነው፤ የአንጀት ካንሰር። ኬሞውም አንድ ነው። ውጤቱ ግን ይለያያል፤ ካንሰር በየሰዉ ገላ ውስጥ የየራሱ ጠባይ አለውና።

ወጥ ለእንግዳ ከመቅረቡ በፊት መዳፋችን ላይ ጠብ አድርገን እንቀምስ የለ? ተመራማሪዎችም መድኃኒቱን ከሕመምተኛው በፊት ለዕጢው ያቀምሱታል። ከዕጢው ትንሽ ናሙና ይወሰድና ላቦራቶሪ ውስጥ እየተመገበ ያድጋል። የተወሰደበትን ዕጢ የሚመስሉ ጥቃቅን ዕጢዎች ይወጡታል። ኦርጋኖይድ ይባላሉ። መንገዱን ከከፈቱት መካከል በኔዘርላንድስ፣ ኡትሬክት ከተማ የሠሩት ሃንስ ክሌቨርስና ቶሺሮ ሳቶ ይገኛሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአይጥ አንጀት ሴል ትንንሽ አንጀቶችን አሳደጉ።

መድኃኒቱ ከተጨመረ በኋላ የመጨረሻውን ውጤት ብቻ መቁጠር ይቻላል። በካሜራ መከታተል ግን ይበልጣል። ማይክሮስኮፑ በየጊዜው ፎቶ ያነሳል፤ የሚሞቱት ሴሎች እንዲበሩ የሚያደርግ ቀለምም ይጨመራል። ያን ጊዜ ዕጢው ሞቷል ወይስ ማደጉን ለጊዜው አቁሟል የሚለው ይለያል። ያንቀላፋ ካንሰር ነገ ሊነሳ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2018 የለንደን ተመራማሪዎች በተዛመተ የጨጓራና የአንጀት ካንሰር ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ኦርጋኖይዱ ላይ ያልሠራ መድኃኒት ሕመምተኞቹም ላይ አልሠራም። ኦርጋኖይዱ ላይ የሠራው ደግሞ 88 በመቶ ያህል ሕመምተኞቹም ላይ ሠርቷል። እኔን የገረመኝ የመጀመሪያው ነው። የማይረዳውን አስቀድሞ ማወቅ ማለት በከንቱ ከማስመለስ፣ በከንቱ ላም ከመሸጥ መዳን ነው።

ነገር ግን ኦርጋኖይድ ሰው አይደለም። የራሱ ደም ሥር የለውም፤ መድኃኒቱን የሚያጣራ ጉበትም የለውም። ናሙናው ሁልጊዜ አያድግም፤ ሲያድግም ሳምንታት ይፈጃል። በአብዛኛው ገና ምርምር ላይ ያለ ነገር ስለሆነ፣ እሱን ብላችሁ የተጀመረ ሕክምና እንዳታቋርጡ።

ዛሬ የሚጠቅመን ሌላ ነው። ሐኪም ናሙና ልውሰድ ሲል «መርፌ ከነካው ይባባሳል» እያልን ወላጆቻችንን አናስፈራ። የዕጢው ዓይነት የሚታወቀው፣ መድኃኒትም የሚመረጥለት በናሙናው ነው። ውጤቱ ሲመጣም አብራችሁ ግቡና ሐኪሙን ጠይቁ፤ «ይህ መድኃኒት ለእናታችን ዕጢ የተመረጠው በምን ምክንያት ነው? እየሠራ መሆኑንስ መቼ እናውቃለን?»