ወርቁ ለማን፥ ባዜቃው ለማን?

ወርቅ ከገበያ ሲደርስ ንጹሕ ነው። ከምን ጋራ ተቀላቅሎ እንደ ወጣ፥ የተቀላቀለበትም ነገር የት እንደ ቀረ የሚጠይቅ ገዢ ግን አይገኝም። እኛ ግን ተማሪዎች ነንና እንጠይቅ።

በእጁ ወርቅ የሚያጥብ ሰው ደቃቁን ወርቅ ከአሸዋው ለመለየት ባዜቃ፥ ማለት በቤተ ሙከራ ሜርኩሪ የምንለውን፥ ያፈስበታል። ባዜቃው ወርቁን ይዞ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ በእሳት ሲያግሉት ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፥ ወርቁ ይቀራል። ዘዴው ርካሽ ነው ይባላል። ርካሽ የሆነው ግን እንፋሎቱን የሚተነፍሱት የሠራተኛው ሚስትና ልጆች፥ ወደ ወንዝ የወረደውንም የሚበላው ከታች ያለው ዓሣ አጥማጅ ስለ ሆነ ነው። በደለል ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ባዜቃውን ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል፤ እርሱም ከትንሹ ዓሣ ወደ ትልቁ እየተከማቸ ከሰው ገበታ ይደርሳል። ይልቁንም የሚጎዳው በእናቱ ማሕፀን ያለውን ሕፃን አእምሮ ነው።

ወንዝ ራሱን ያጠራል የሚል ቢኖር ካሊፎርኒያን ይመልከት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1848 ወርቅ ከተገኘ በኋላ ቆፋሪዎቹ ኮረብታውን በውሃ ግፊት እየናዱ፥ ጭቃውን ባዜቃ በፈሰሰበት የእንጨት ቦይ ያሳልፉት ነበር። አምልጦ የቀረው ባዜቃ በአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ግምት ከ4 ሺሕ ቶን ይበልጣል። በ1884 ፍርድ ቤት ደለሉን ወደ ወንዝ መልቀቅን ከለከለ፤ ያውም ለባዜቃው አስቦ ሳይሆን የገበሬው እርሻ በደለል ስለ ተቀበረ ነው። ዛሬም የሳንፍራንሲስኮን ወሽመጥ ዓሣ ለሚበሉ ሰዎች መጠኑን የሚወስን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ወርቁ ከተሸጠ 140 ዓመት አልፎታል።

ነገሩ ግን የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2018 ባወጣው ጥናት፥ በ2015 በሰው ሥራ ወደ አየር ከተለቀቀው ባዜቃ ከመቶ 38 ያህሉ የመጣው ከዚሁ በእጅ ከሚሠራው የወርቅ ሥራ ነው።

ታዲያ ባዜቃውን መከልከል ነው የሚሉ ወንድሞች አሉ። ዘበኛ ልኮ መከልከል ለከተማ ሰው ይቀላል፤ ሠራተኛው ግን ልጆቹን የሚያበላው በዚያው ነው፥ ቢከለከልም በሌሊት ያነደዋል። በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት እንኳ ለዚህ ሥራ ባዜቃን በአንድ ቀን አልከለከለም። ክፉዎቹን ልማዶች፥ ለምሳሌ በሜዳና በመኖሪያ ቤት ማንደድን፥ ለይቶ እንዲቀሩ ነው ያዘዘው። ዘዴውም ሩቅ አይደለም። ክዳኑ የተገጠመ የብረት ዕቃና አንድ ቧንቧ ቢኖር፥ እንፋሎቱ አረቄ እንደሚወጣው ሁሉ ቀዝቅዞ ይንጠባጠባል፤ ባዜቃውም ተመልሶ ለሥራ ይውላል። ለሠራተኛው ኪሳራ ሳይሆን ትርፍ ነው። እርግጥ ነው፥ ይህ እንፋሎቱን እንጂ ወደ ወንዝ የሚወርደውን አያቆምም።

በአገራችንም በአዶላና በአሶሳ በኩል ከወርቅ እጥበት የሚኖር ብዙ ሕዝብ አለ። ከመካከላችን ከዚያ የመጡ አሉ፥ ተመርቀው ወደዚያ የሚሄዱም አሉ። ስለዚህ የኬሚስትሪ መምህሮቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከዘንድሮው የመመረቂያ ጽሑፎች ጥቂቱ እንኳ ከወርቅ ማጠቢያ ወንዞች የሚመጣ ደለልና ዓሣ የሚመረመርባቸው ይሁኑ። የምሕንድስና ተማሪዎችም ያንን የብረት ዕቃ በመንደር አንጥረኛ እጅ ሊሠራ በሚችል መልክ ነድፈው ያሳዩን። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፈቃደኞችን ከሰኞ ጀምሮ ይመዘግባል።