እንጀራን ጠላት ከማድረጋችን በፊት

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ፤ ስኳሩን ግን ቀነስ አድርጉት። ለምን እንዳልኩ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት የድሮ ተማሪዬ "ቲቸር፣ ባዮሎጂ ያስተማርከን አንተ ስለሆንክ ነው የምጠይቅህ" ብላ ጻፈችልኝ። እናቷ የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን ኪኒን መውሰድ ከጀመሩ ዓመታት ሆኗቸዋል። ስልክ ላይ አንድ ሰው "እንጀራ መርዝ ነው፣ ቅቤ መድኃኒት ነው" ሲል ሰሙና እንጀራውንም፣ ዳቦውንም፣ ድንቹንም፣ ሽሮውንም በአንድ ቀን እርግፍ አድርገው ተዉት። ጠዋት እንቁላል በቅቤ፣ ምሳ ሥጋ፣ ማታ አቮካዶ። ኪኒኑን ግን እንደ ድሮው ቀጠሉ። በአራተኛው ቀን ማድ ቤት ውስጥ ላብ አጠመቃቸው፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ የገዛ ልጃቸውን ስም መጥራት አቃታቸው። ደግነቱ ጎረቤታቸው ነርስ ናት። ሮጣ መጥታ ስትለካቸው ስኳራቸው 48 ነበር። ስኳር በውሃ በጥብጠው አጠጧቸውና ነፍሳቸው መለስ አለች። አሁን ደህና ናቸው፣ ተመስገን።

የልጅቷ ጥያቄ አጭር ነበር። "ቲቸር፣ ታዲያ ይሄ ኪቶ የሚሉት ነገር ጥሩ ነው መጥፎ?" በሁለት መስመር ልመልስላት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ፈቃዷን ጠይቄ እዚህ ጻፍኩት።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ባለ ዲፕሎማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ስለዚህ የምጽፈው ሐሳቤን ነው እንጂ ማዘዣ አይደለም። ሐሳቤ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ያነበብኩትም አለ፣ በራሴ ላይ የሞከርኩትም አለ።

አዎ፣ እኔም ሞክሬዋለሁ! ከሁለት ዓመት በፊት ቦርጬ ከጥቁር ሰሌዳው ቀድሞ ክፍል መግባት ሲጀምር፣ ልክ ከጥምቀት በኋላ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ቀነስኩ። ስታፍ ውስጥ ያላወራሁለት ሰው አልነበረም። በኋላ ነው ለተማሪዎቼ የማስተምረው ነገር ትዝ ያለኝ። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ገደማ ግላይኮጅን ያስቀምጣል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ካርቦሃይድሬት ሲቋረጥ መጋዘኑ ይራገፋል፣ ውሃውም አብሮ ይወጣል። እኔ ስብ ቀነስኩ ብዬ የተኩራራሁበት አብዛኛው ነገር ሽንት ነበር።

ከዚያ በኋላ የቀነስኩት ግን እውነተኛ ነበር፤ አልዋሽም። ረሃቡ ይቀንሳል። እንቁላልና ሥጋ የበላ ሰው አሥር ሰዓት ላይ ብስኩት አያምረውም። በአጠቃላይ 5 ኪሎ ወርጄ ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ተቋረጠ፤ ሐምሌ ላይ 4ቱ ኪሎ ተመልሶ ነበር።

ግን ያስቆመኝ ጾሙ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ማታ እኔ ሦስት እንቁላል በቅቤ ይዤ፣ ባለቤቴና ልጆቼ ሽሮ ቀርቦላቸው ተቀምጠናል። ትንሿ ልጄ ሳህኔን አየችና "አባዬ፣ እንቁላሉ ለአንተ ብቻ ነው?" አለችኝ። ምን ልበላችሁ! ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። የአስተማሪ ደሞዝ ለአንድ ሰው ቦርጭ ሲባል የልጆችን እንቁላል አይችልም። ይህን ጉዳይ "ጤናማ ነው ወይ" ብለን ስንጠይቅ "ለማን?" ብለን መጨመር ያለብን ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ኪቶ የሚባለው በቀን ከ50 ግራም በታች ካርቦሃይድሬት እየበሉ አብዛኛውን ጉልበት ከስብ ማግኘት ነው። አንድ ሙሉ እንጀራ ብቻውን ይህን የቀን ኮታ ያልፈዋል። አዲስ ግኝትም አይደለም። በ1863 ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን ሰው ዳቦና ስኳር ትቼ ቀጠንኩ ብሎ ትንሽ መጽሐፍ አሳትሟል። በ1921 ራስል ዋይልደር የተባሉ ሐኪም አሜሪካ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ የሚጥል በሽታ ላለባቸው ሰዎች አቀረቡት፤ ኪቶ የሚለውም ስያሜ ከዚያ የመጣ ነው። ዛሬም መድኃኒት ላልሠራላቸው የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሕፃናት ይሰጣል፤ ግን በሐኪምና በሥነ ምግብ ባለሙያ ክትትል። ልብ በሉ፣ አጀማመሩ እንደ ሕክምና ነው። ሕክምና ደግሞ ልክም ክትትልም አለው።

ለደጋፊዎቹ ፍትሐዊ ልሁን። የሚሉት ሁሉ ውሸት አይደለም። ካርቦሃይድሬት መቀነስ የዓይነት ሁለት ስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የደም ስኳር ዝቅ እንደሚያደርግ የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር በ2019 ባወጣው ሰነድ ላይ ተቀብሎታል። ስኳርና ነጭ ዱቄት መቀነስ ለማንም ይጠቅማል። እኔም "ቲቸር፣ 15 ኪሎ ቀንሼበታለሁ፣ ግፊቴም ወርዷል" የሚል ሰው ቢመጣ አልከራከረውም። እንኳን ደስ አለህ ነው የምለው።

ጥያቄው ግን የጠቀመው ስቡ ነው ወይስ ሌላ ነገር? እዚህ ላይ በ2018 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት አለ። 609 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው፤ ግማሾቹ ስብ እንዲቀንሱ፣ ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት እንዲቀንሱ። ሁለቱም ቡድን ስኳርና የተፈተገ ዱቄት እንዲቀንስ፣ አትክልት እንዲያበዛ ተነገረው። ከአንድ ዓመት በኋላ ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ቀነሱ። ይሄ ልዩነት ልዩነት የሚባል አይደለም። ሁለቱንም ያቀጠናቸው የጋራ የሆነው ነገር ነው።

ሌላም አለ። በ2017 በብሪታንያ የወጣው ዳይሬክት የተባለው ጥናት ላይ የዓይነት ሁለት ስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለጥቂት ወራት በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ያለው ሾርባና ሼክ ብቻ እንዲወስዱ ተደረገ። በዓመቱ ከ100ው 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ተስተካከለ። የሚገርመው፣ የተሰጣቸው ምግብ ከግማሽ በላዩ ካርቦሃይድሬት ነበር! ለውጡን ያመጣው ክብደቱ መውረዱ ነው። ደግሞ ይህን አስምሩበት፤ የስኳር መድኃኒታቸውን ገና ከመጀመሪያው ቀን ያስቆሟቸው ሐኪሞቹ ናቸው፣ ስኳሩ እንደሚወርድ ስለሚያውቁ። የተማሪዬ እናት ቤት የጎደለው ይሄ ነው። ምግቡ ተቀየረ፣ ኪኒኑ ግን ያንን አላወቀም። እሱ ሥራውን ቀጠለ።

ረጅሙን ጊዜ ስናይ ደግሞ፣ በ2018 ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ ላይ የወጣ፣ ከ15 ሺህ በላይ አሜሪካውያንን ለ25 ዓመት ገደማ የተከታተለ ጥናት አለ። ከካሎሪያቸው 50 እስከ 55 በመቶ የሚሆነውን ከካርቦሃይድሬት ያገኙት ሰዎች የሞት መጠን ዝቅተኛው ሆኖ ተገኘ። በጣም የቀነሱትም በጣም ያበዙትም ከፍ አለባቸው። ካርቦሃይድሬቱን በእንስሳት ሥጋና ስብ የተኩት ባሰባቸው፤ በጥራጥሬ፣ በለውዝና በአትክልት የተኩት ተሻላቸው። ይህ ዓይነቱ ጥናት ምክንያትና ውጤትን አያረጋግጥም፤ ግን "ቅቤ በልተህ መቶ ዓመት ኑር" ለሚለው ሰው ድጋፍ አይሆነውም።

እንግዲህ ወደ ሌማታችን እንመለስ።

"ካርቦሃይድሬት" ሲባል ሁሉንም አንድ ላይ መኮነን ስህተት ነው። ጤፍ ከነገለፈቱ የሚፈጭ እህል ነው፤ 100 ግራም ዱቄቱ 13 ግራም ፕሮቲንና 8 ግራም ያህል አሰር አለው። ምስር፣ አተር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ ካርቦሃይድሬት አላቸው፤ ግን ከፕሮቲንና ከአሰር ጋር። እነዚህን ከለስላሳና ከፉርኖ ዳቦ ጋር በአንድ ከረጢት መክተት ጎበዙን ተማሪ ከቀጪው ጋር እንደመቅጣት ነው። ሯጮቻችን ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ደግሞ ከካሎሪያቸው 64 በመቶ የሚሆነው ከካርቦሃይድሬት እንደሚመጣ አሳይቷል። ዓለምን የሚያሸንፉት በእንጀራና በፓስታ ነው።

ቆይ ግን፣ እዚህ ላይ ራሳችንን አናታልል። እነሱ ይሮጣሉ፤ እኛ ታክሲ እንጠብቃለን። አያቶቻችን ያንን ሁሉ እንጀራ ሲበሉ ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ነበሩ። እኛ ሁለት እንጀራ በጭልፋ ሽሮ በልተን ወንበር ላይ ነው የምንውለው። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ሻዩ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር። ምሳ ላይ ፓስታ በእንጀራ! ካርቦሃይድሬትን በካርቦሃይድሬት ጠቅልሎ መብላት የምንችል እኛ ነን። ከላዩ ለስላሳ፤ አንዷ ትንሿ ጠርሙስ ወደ 30 ግራም ስኳር አላት። በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከ100 አዋቂ 16 ያህሉ የደም ግፊት ከፍ ያለበት፣ 6 ያህሉ የደም ስኳር ከፍ ያለበት ነበር። በቂ አትክልትና ፍራፍሬ የማይበላው ደግሞ ከ100ው ከ90 በላይ ነው። የኛ ችግር የጤፍ መኖር ሳይሆን የጎመን መጥፋት ነው እላለሁ።

ስቡስ? እዚህም "ስብ" ብሎ መደምደም አይቻልም። የቅቤ ግማሹ የጠገበ ስብ ነው። ያ በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይትም እንደዚያው። የጠገበ ስብ ኤልዲኤል የሚባለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። የኑግ፣ የሱፍ፣ የሰሊጥ፣ የተልባ፣ የአቮካዶና የኦቾሎኒ ስብ ግን በአብዛኛው ሌላ ዓይነት ነው። ውጭ አገር ኪቶ የሚጀምር ሰው ቢያንስ ኮሌስትሮሉን ይለካል። ከእኛ ውስጥ ስንታችን ነን በሕይወታችን አንዴ የተለካን? ሳይለኩ በቅቤ መኖር ዓይን ጨፍኖ መንገድ መሻገር ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ግማሽ ኪቶ ነው። አብዛኞቻችን የምናደርገው ይሄን ነው። "ስብ ጥሩ ነው" የሚለውን እንሰማለን፣ "እንጀራ ተው" የሚለውን እናልፋለን። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ ነው። ጨጨብሳ በቅቤ ላይ እንቁላል በቅቤ ጨምሮ "ኪቶ ላይ ነኝ" የሚል ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል።

ጾሙም አለ። ኦርቶዶክስ የሆነ ሰው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ያኔ እንቁላልም ቅቤም የለም። ሁለት ወር በሥጋ፣ ሁለት ወር በፓስታ እየተወዛወዙ መኖር ሚዛኑን እንጂ ጤናን አያንቀሳቅስም። የጾም ማዕዳችን፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው፣ ተልባው፣ ዘይቱ ካልበዛበት ለልብ ጥሩ ከሚባለው ምግብ ብዙ አይርቅም። እጃችን ላይ ያለውን ነው ትተን የምንሄደው።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። ለተራው ሰው፣ ጤነኛ ለሆነው፣ በወር ደሞዝ ቤተሰብ ለሚያስተዳድረው ሰው፣ ካርቦሃይድሬትን መቀነስ ጥሩ ነው፤ ማጥፋት ግን አያስፈልግም። ስብን ማብዛት ደግሞ በራሱ ጥቅም የለውም። ሰሃናችሁን በሐሳብ ለአራት ክፈሉት። ሁለቱን እጅ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ሰላጣ፤ አንዱን ምስር ወይ ሽሮ ወይ እንቁላል ወይ ሥጋ፤ አንዱን እንጀራ። ስኳሩን ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ። ለስላሳን ለሠርግ። በቀን ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ። ይሄን ስላደረጋችሁ ማንም ቪዲዮ አይሠራላችሁም፣ ግን ልጆቻችሁም አብረዋችሁ ይበሉታል።

ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን የምትወስዱ፣ የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠቡ እናቶች፣ እባካችሁ ሐኪማችሁን ሳታናግሩ አትጀምሩት። ኪኒኑንም በራሳችሁ አታቁሙ። የስኳር ታማሚ ቤታችሁ ካለ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ስታዩ ስኳር መውረዱን ጠርጥሩ። መዋጥ የሚችል ከሆነ ቶሎ ጣፋጭ ስጡት፤ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳታደርጉ ወደ ሕክምና አሩጡት።

ለተማሪዬ የጻፍኩላት የመጨረሻው መልስ ይህ ነበር። "እማማን ሰላም በይልኝ። ቅዳሜ አብረሻቸው ክትትላቸው ጋ ሂጂና የሚበሉትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሪው። ቤት ስትመለሱ ደግሞ አንድ ቁራጭ እንጀራ በብዙ ጎመን አቅርቢላቸው። እንጀራ ጠላታቸው እንዳልሆነም ንገሪያቸው።"

ትናንት መለሰችልኝ። ሐኪሙ የኪኒኑን መጠን አስተካክሎላቸዋል፣ እሳቸውም ስኳር የሌለው ቡና እየለመዱ ነው። "እማዬ ግን ጎመኑ በዛ ብላ ታማርራለች" ትላለች።

ያማርሩ፣ ችግር የለውም። የሞከራችሁት ካላችሁ የሆናችሁትን ከታች ጻፉልኝ፤ የማትስማሙም ጻፉ፣ ማርክ አልቀንስም። እናት አባታችሁ ስኳር ካለባቸው ግን ዛሬ ማታ ደውሉና "ምን እየበላችሁ ነው?" በሏቸው።