የትኛዋ ላም ትሻላለች?



በዚህ ዓመት በግብርና ክበባችን ከተደረጉት ክርክሮች ሁሉ ብዙ አድማጭ ያገኘው፣ «አንድ ገበሬ ለማርባት የትኛውን የላም ዘር ቢመርጥ ይሻለዋል?» የሚለው ነበር። በድምፅ ብልጫ ያሸነፉት የፈረንጅ ላም ትሻላለች ያሉት ናቸው። እኔ ከተሸናፊዎቹ ወገን ነበርሁ። ለተናጋሪ የተፈቀደው ጊዜ አምስት ደቂቃ ብቻ ስለ ነበረ፣ በሆዴ የቀረውን ኀሳብ በዚህ መጽሔት ለመግለጽ እወዳለሁ። ነገሩ ለእኔ የክርክር ጨዋታ ብቻ አይደለም። አባቴ በመጪው መስከረም ቦራ የምትባለውን ላማችንን ከነጥጃዋ ሸጠው፣ በምትክዋ አንዲት የተዳቀለች ጊደር ለመግዛት አስበዋል።

ቦራ የፎገራ ዘር ናት። የፎገራ ከብት የሚገኘው ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት በሚያጥለቀልቁት ሜዳና በአካባቢው ነው። መልኩ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ዝንጕርጕር፣ ሻኛው አነስ ያለ፣ ቀንዱ አጭር፣ ጠባዩም ገራም ነው። ረግረጉን፣ ዝንቡንና የውስጥ ጥገኛ ትሉን ችሎ ይኖራል። ላሚቱ ትታለባለች፤ ወንዱ ያርሳል።

በአገራችን ሌሎችም የተመሰገኑ ዘሮች አሉ። የቦረና ከብት ድርቅን በመቋቋምና በሥጋው የታወቀ ሲሆን፣ ዘሩ ከአገራችን ወጥቶ እስከ ኬንያና እስከ አውስትራሊያ ደርሷል። በደቡብ ምዕራብ ያለው የሸኮ ከብት፣ ሌላውን ከብት የሚጨርሰውን የገንዲ በሽታ በመቋቋሙ ይደነቃል። በሑመራ በኩል ያለው የበጋይት ከብት ቆላውን የለመደና በወተቱ የተመሰገነ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ እያንዳንዱ ዘር የተወለደበትን አገር ሣርና ሕመም ለብዙ ዘመን እየለመደ የመጣ መሆኑን ነው። ስለዚህ «ከሁሉ የሚሻል ዘር የትኛው ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «ለየትኛው አገርና ለየትኛው ቤት?» ብሎ መጨመር ያስፈልጋል።

አሁን የተቃዋሚዎቼን ቃል ሳላጐድል ላቅርብ። ፍሪዥያን የተባለችው የሆላንድ ላም በወተት ብዛት በዓለም የታወቀች ናት። ወደ አገራችንም የመጣችው ዛሬ አይደለም፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የርዳታና የመልሶ ማቋቋም አስተዳደር ፍሪዥያንና ብራውን ስዊስ ላሞችን ለኢትዮጵያ ሰጥቶ ነበር። ከአገር ላም ጋራ የተዳቀለችውም በሚገባ ከተቀለበች በቀን 10 ሊትር ያህል ልትታለብ ትችላለች። እኔ የቦራን ወተት ለሁለት ሳምንት ጧትና ማታ በሊትር ለክቼ ያገኘሁት በቀን ከ2 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። እርግጥ የፍሪዥያን ወተት ቅባቱ ከመቶ 3 ተኩል ያህል ሲሆን የአገራችን ላሞች ወተት ወደ 5 ይጠጋል፤ ለቅቤ ገፊ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቢሆንም 2ና 10 እኩል ናቸው ብዬ ለመከራከር አልነሣም።

ነገር ግን በክርክሩ ቀን ሁሉም ወደ ጐን ያለፉት አንድ ሒሳብ አለ። የተዳቀለችው ላም ያን ወተት የምትሰጠው ከተሟላላት ብቻ ነው። ከሣርና ከድርቆሽ ሌላ፣ ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ያህል ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ይጨመርላታል። ለመዥገር፣ ለጉበት ትልና ለመሳሰለው ሕመም ከቦራ ይልቅ ስለምትሣሣ መድኀኒትና ሐኪም አይራቃትም። ውኃም በቀን ከ50 ሊትር ያላነሰ ትጠጣለች። ቦራ በእግርዋ ወንዝ ወርዳ፣ ጠጥታ፣ ግጣ ትመለሳለች። አዲሲቱ ላም ግን ከበረት የማትወጣ ስለሆነች ሣሩም ውኃውም ወደ እርስዋ መሄድ አለበት። በማን ጀርባ ይሄዳል? ወንድሞቼ ከአባቴ ጋራ እርሻ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ በእናቴና በእኔ ጀርባ ነው። አንዱ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ከቤታችን እስከ ጕድጓዱ ደርሶ መመለስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ለላሚቱ ብቻ በቀን ሦስት ምልልስ ማለት ነው፤ የቤቱ ውኃና የሣሩ አጨዳ ገና አልተቈጠረም። እኔ በመጪው ዓመት የ12ኛ ክፍል ፈተና እቀመጣለሁ። በሰፈራችን የተዳቀለች ላም ከገባችበት አንድ ቤት፣ ልጅቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካለቀ በኋላ መምጣት ጀምራ ነበር፤ አሁን ጭራሽ አትመጣም።

ከጓደኞቼ አንዱ፣ «የምታወሪለት ሣር እኮ አልቋል፤ ቦራስ ወዴት ትሰማራለች?» ሲል መለሰልኝ። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ መዘራት የጀመረው በ1970ዎቹ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የግጦሹ መሬት ከዓመት ወደ ዓመት እየታረሰ ሩዝ ሆኗል። ሩዝን ግን መርገም አልችልም፤ አሁን ያደረግሁት ጫማ የተገዛው በሩዝ ገንዘብ ነውና። ነገሩ አባቶች «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅዋ ሆነባት» እንዳሉት ነው። ሆኖም ሩዝ ራሱ ገለባ ይሰጣል። ገለባውን በሜዳ ከማቃጠልና ዝናብ እንዲያበሰብሰው ከመተው፣ ከምሮ ከድርቆሽ ጋራ ማቈየት ለአንዲት የፎገራ ላም ትልቅ ስንቅ ነው። የቀረውንም ግጦሽ መንደሩ ተስማምቶ ሊጠብቀው ይገባል።

ሁለተኛው ችግር የዘሩ መደባለቅ ነው። በባሕር ዳር አጠገብ በአንዳሳ ያለው የእንስሳት ጣቢያ በ1950ዎቹ ተቋቁሞ የፎገራን ዘር ሲጠብቅና ሲያሻሽል ቈይቷል። ይሁን እንጂ አንድ ጣቢያ ብቻውን ዘርን አያድንም። እያንዳንዱ ቤት ላሙን በየአጋጣሚው ባገኘው ኮርማ ካስጠቃ፣ ልጆቻችን የፎገራን ላም የሚያውቋት በሥዕል ይሆናል። የመንደሩ ገበሬዎች ከደኅና ወተት ከምትሰጥ እናት የተወለደ አንድ ኮርማ በጋራ ቢይዙ ወጪው ለእያንዳንዱ ቀላል ነው። የጠፋ ዘር ግን በምንም ገንዘብ ተመልሶ አይገዛም።

የተዳቀለች ላም መጥፎ ናት አላልሁም። በባሕር ዳር ወይም በደብረ ታቦር ከተማ፣ ቧንቧ በግቢው፣ የመኖ መደብርና ወተት ገዢ በአጠገቡ ላለው ሰው እኔም እርስዋን እመርጥለታለሁ። እንደኛ ላለው ቤት ግን የምትሻለው ላም በሣራችን፣ በውኃችንና በእጃችን ልክ የምትኖረው ናት ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው የፎገራን ዘር የመረጥሁት።

አባቴ ይህን መጽሔት እንደሚያነብቡ አውቃለሁ። ፊት ለፊት ለመናገር ያፈርሁትን በጽሑፍ ብናገር ድፍረት እንዳይሆንብኝ እለምናለሁ። ወተቱ እንዲበዛ የፈለጉት ለእኛው ለልጆችዎ መሆኑንም አልሳትሁትም። ውሳኔው የእርስዎ ነው። ብቻ ቦራ ወደ ገበያ ከመውጣትዋ በፊት፣ የወተቱ ሊትር እንደ ተቈጠረ ሁሉ የውኃው ጀሪካንም ይቈጠርልኝ።

ከ11ኛ ክፍል ተማሪ