መልሱን ሳይሆን ቋንቋውን እንለማመድ

በአገራችን በሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። በ12ኛ ክፍል ፈተናም የፊዚክሱ፣ የኬሚስትሪውና የባዮሎጂው ጥያቄ የሚቀርበው በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የደከመ ተማሪ የሚጎዳው በአንድ የትምህርት ዓይነት ብቻ አይደለም። ስለ ፎቶሲንተሲስ ጠንቅቆ የሚያውቅ ተማሪ፣ በጥያቄው ውስጥ ያለችውን «ኤክሴፕት» የምትል ቃል ሳያስተውል ካለፈ፣ እንደማያውቅ ይቆጠራል።

ታዲያ ዝግጅታችን ምን ይመስላል? ብዙዎቻችን የቆዩ የፈተና ወረቀቶችን ሰብስበን የመልሱን ፊደል እንሸመድዳለን፤ የቃላት ዝርዝሩንም በአንድ ሌሊት ደጋግመን እናነባለን። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት የዚህን ልማድ ድክመት ያሳያል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ብልጫ ያሳዩት ምንባቡን ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ነበሩ፤ ከሳምንት በኋላ ግን አንብበው ራሳቸውን የፈተኑት በለጧቸው። ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል፤ የሚያዘልቀን ግን ከአእምሯችን ፈልገን ማውጣቱ ነው።

ስለዚህ በየቀኑ ከሳይንስ መጽሐፋችን አንድ አንቀጽ እናንብብ፤ መጽሐፉን ዘግተን ፍሬ ሐሳቡን በራሳችን እንግሊዝኛ እንጻፍ። አዲስ ቃል ስናገኝ ከነዐረፍተ ነገሩ እንመዝግብ፤ ከቀናት በኋላም ትርጉሙን ራሳችንን እንጠይቅ። የቆየ ፈተና መሥራትም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ትክክለኛውን ምርጫ ብቻ ሳይሆን ሌሎቹ ለምን ስሕተት እንደሆኑ ማስረዳት አለብን። የተሸመደደችው ፊደል በፈተናው ዕለት ታበቃለች፤ አንብቦ መረዳት ግን ዩኒቨርሲቲ ድረስ አብሮን ይዘልቃል።